«ያ ፊልም በኮምፒውተር ነው የተሠራው» ይባላል፤ እውነት ነው?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የፊልም ሥራ ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር አንድ አጭር የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ሠርተን ነበር፤ አሁን ደግሞ ከዚያ በፊት የሆነውን ታሪክ ለመሥራት አስበናል። ለትምህርት ብዬ የ1999ኙን ስታር ዋርስ፣ ‹ዘ ፋንተም ሜነስ›ን ደጋግሜ አየሁት። ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። ታሪኩ በ1977ቱ ፊልም ላይ ካየነው 32 ዓመት ይቀድማል፤ ነገር ግን መርከቡም ከተማውም ልብሱም ከዚያኛው ይልቅ አዲስና ያማረ ነው። ይሄ ስሕተት አይደለም ወይ? ሌላው፣ ሰው ሁሉ ‹ያ ፊልም በኮምፒውተር ነው የተሠራው› ይላል። እንዲያ ከሆነ አቅሙ የለንምና እንተወው?»

መልስ፦ አትተዉት። እዚያ ፊልም ውስጥ ኮምፒውተር የሠራውን ያህል እንጨት፣ ጨርቅ፣ ጨውና ጥጥም ሠርተዋል። እኔ የምተዳደረው በኮምፖዚቲንግ ነው፤ ለየብቻ የተቀረጹ ምስሎችን አዋህጄ በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ቅጽበት የተነሱ አስመስላለሁ። ስለዚህ ባዳላ እንኳ ለኮምፒውተሩ ነበር የማዳላው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ከመልኩ ልጀምር። ያየኸው ልክ ነው፤ ግን አስበውበት ያደረጉት ነው። የ1977ቱ ፊልም ሲወጣ ሰውን ያስደነቀው አሮጌነቱ ነበር። መርከቦቹ ቀለማቸው የተላጠ፣ ዘይት የፈሰሰባቸው፣ በየቦታው የተጠጋገኑ ናቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ሲኬድ ቀላሉ መንገድ «እንግዲያው ይበልጥ ያርጅ» ማለት ነበር። የፊልሞቹ ፈጣሪና የዚህኛው ዳይሬክተር ጆርጅ ሉካስ ግን ነገሩን ገለበጠው። የቀድሞው ዘመን ሰላምና ሀብት የነበረበት ነው፤ ዕቃ በባለሙያ እጅ፣ ለውበቱ ተጨንቀውለት ይሠራል። በኋላ ጦርነትና አምባገነን ሲመጣ ፋብሪካው ሁሉንም ግራጫና ጌጥ የለሽ አድርጎ ያመርተዋል። ስለዚህ ወደ ኋላ በሄድክ ቁጥር ዓለሙ እያማረ ይሄዳል። ይህን ሐሳብ ወደ ሥዕል የመለወጡ ሥራ የተሰጠው ለሠዓሊው ለዳግ ቺያንግ ነው። እሱና እነ ኢየን ማኬግ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኘው የሉካስ የሥራ ግቢ፣ ስካይዎከር ራንች፣ ከ1995 ጀምሮ ሲሥሉ ከረሙ። ስክሪፕቱ ያኔ ገና አላለቀም፤ ሥዕሉና ጽሑፉ እየተመላለሱ አብረው ነው ያደጉት።

የፊልሙን ወጣት ንግሥት፣ የአሚዳላን መርከብ አስታውስ፤ ከአፍንጫው እስከ ጭራው መጋጠሚያ የሌለው፣ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ነው። የቤተ መንግሥቱን ውስጥ ግን ኮምፒውተር አልፈጠረውም። ጣሊያን ሄደው ሉዊጂ ቫንቪቴሊ በ18ኛው መቶ ዘመን የነደፈውን የካዘርታ ቤተ መንግሥት ተጠቀሙ። እብነ በረዱ እውነተኛ ነው፤ የቀረጹትም ለጎብኚዎች ከተዘጋ በኋላ፣ በአራት ቀን ነው። ቅርስ መሐል ፍንዳታ አይሞከርምና ፍንዳታ ያለባቸውን ትዕይንቶች እንግሊዝ አገር ባሠሩት አምሳያው ውስጥ ቀረጿቸው። የንግሥቲቱን አልባሳት ትሪሻ ቢጋር ከነባለሙያዎቿ አሰፋች፤ አንደኛው የራስ ጌጥ ከሞንጎልያ ሴቶች ባህላዊ አጊያጊያጥ የተወሰደ መሆኑን ፎቶ አጠገቡ አስቀምጠህ ማየት ትችላለህ። ተመልካች እብነ በረድና ጥልፍ ሲያይ «ይሄ የቆየ ሥልጣኔ ነው» ብሎ ይቀበላል፤ የካሜራው መዘመን አያደናግረውም።

እናንተም «የእኛ ፊልም ወደ ኋላ ሲሄድ አዲስ ይምሰል ወይስ አሮጌ?» ብላችሁ አትጨነቁ። በሁለቱ ታሪኮች መሐል ምን እንደተበላሸ ወይም ምን እንደተገነባ ወስኑ፤ መልኩ ከዚያ ይወጣል።

የፕሪኩዌል (ቀድሞ ከወጣው ፊልም በፊት የሆነውን የሚተርክ ፊልም) ትልቁ ጣጣ ግን መጨረሻው መታወቁ ነው። ያ ትንሽ ልጅ፣ አናኪን፣ አድጎ የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ክፉ ሰው፣ ዳርዝ ቬደር፣ እንደሚሆን ሳያውቅ ሲኒማ የገባ ሰው አልነበረም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ስለዚህ «ምን ይሆን ይሆን?» የሚለው ጉጉት ከእጅህ ወጥቷል፤ የሚቀርህ «እንዴት?» ብቻ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩ ላይ የሚገኘው ነገር ላይ ካለው የማይበልጥ ከሆነ ግን ሰው ምን ብሎ ይቆፍራል? በእኔ አስተያየት ሉካስ ይህን ፈተና በግማሽ ነው ያለፈው። ንግሥቲቱና በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሚሆነው ሴናተር ፓልፓቲን ያለባቸውን ትዕይንቶች ስታይ ሕዝብ ወድዶና ፈቅዶ አምባገነን ሲያነግሥ ታያለህ፤ ያ «እንዴት» ያስፈራል። የአናኪን ወገን ግን ደካማ ነው። ልጁን ዘጠኝ ዓመት ሲያደርጉት የውድቀቱን ዘር ማሳያ ቦታ ጠፋ።

የመጨረሻው መታወቅ ተዋናይ ምርጫ ላይም ይገባብሃል። እዚህ ላይ ዕድልም ረድቷቸዋል። ኢየን ማክዲያርሚድ በ1983ቱ ፊልም ሽማግሌውን ንጉሠ ነገሥት በሜካፕ ተሸፍኖ ሲጫወት ገና 40 አልሞላውም ነበር። ከ14 ዓመት በኋላ ለወጣቱ ፓልፓቲን ሲፈለግ ሜካፕ የማያስፈልገው፣ ዕድሜው ልክ የሆነ ያው ሰው ተገኘ! ኢዋን ማክግሬጎር ደግሞ የሚጫወተው በ1977ቱ ፊልም አሌክ ጊነስ በሽምግልናው ያሳየንን ጄዳይ (የብርሃን ሰይፍ የያዘ ተዋጊ)፣ ኦቢ ዋንን፣ በወጣትነቱ ስለነበረ የጊነስን የወጣትነት ፊልሞች እያየ አነጋገሩን አጠና። እሱን ካነሳሁ አይቀር፣ የብርሃን ሰይፉን ባነሳ ቁጥር «ቩም» የሚለውን ድምፅ በአፉ እያወጣ ያስቸግር እንደነበር ራሱ ተናግሯል፤ በልጅነቱ የተጫወተበትን ጨዋታ የት ይተወው።

ሲ-ስሪፒኦ የተባለውን ወርቃማ ሮቦት በተመለከተ የመጣው ችግር ሌላ ነው። በዚህ ታሪክ ገና ቆዳ አልለበሰም፤ አንጀቱና ሽቦው ይታያል። ሰው ውስጡ ቢገባ በክፍተቶቹ በኩል ይታያል። መፍትሔው አሻንጉሊት ነበር፤ ማይክል ሊንች ሮቦቱን ከፊቱ አስሮ ከኋላው እየቆመ እጅና እግሩን ያንቀሳቅሰዋል፤ ከቀረጻ በኋላ ሊንች ከምስሉ ይሰረዛል። ኮምፒውተሩ እዚህ ላይ የሠራው ሰውየውን ማጥፋት ነው። ተዋናዮቹ ግን የሚያናግሩት፣ የሚነኩት፣ ጥላው መሬት ላይ የሚወድቅ ሮቦት አጠገባቸው ነበራቸው። እኔ ከፊልሙ ብልሃቶች ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ እናንተም በትንሽ ገንዘብ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ «በኮምፒውተር ነው» እንምጣ። የ1993ቱ «ጁራሲክ ፓርክ» ላይ የሉካስ የራሱ ኩባንያ፣ አይኤልኤም፣ ዳይኖሰሮቹን ሲያራምድ ነው ሉካስ «አሁን ያሰብኩትን ማሳየት እችላለሁ» ያለው። በ1994 መገባደጃ መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊልሞች በ1997 በተጨመረላቸው ዲጂታል ምስል እንደገና ማሳየቱም ገቢም ልምምድም ሆነለት። በጀቱ 115 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ገንዘቡን ያወጣው ሉካስ ራሱ ነው፤ ፎክስ የተባለው የፊልም ኩባንያ አከፋፋይ ብቻ ነበር። ይህን ልብ በል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ከ2,000 ትንሽ ጎደል የሚል ቁጥር ያለው ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸው አንድ ቁራጭ) የአይኤልኤም እጅ አርፎበታል። እንዲያውም ምንም ዲጂታል ንክኪ የሌለው ትዕይንት ሁለቱ ጄዳዮች ያሉበት ክፍል መርዘኛ ጋዝ ሲለቀቅበት ያለው ብቻ ነው ይባላል። ሰው ይህን ሰምቶ ነው «ሁሉም ኮምፒውተር ነው» የሚለው። ዲጂታል ንክኪ ማለት ግን ምስሉ በኮምፒውተር ተፈጠረ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሌላ ቦታ በእጅ የተሠሩ ነገሮችን ነው ያጋጠመው።

ትንሹ አናኪን የሚወዳደርበትን የሞተር ሩጫ ስታዲየም ታስታውሳለህ አይደል? በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወንበሩን ሞልቶ ይጨፍራል። ያ ስታዲየም በትንሹ የተሠራ ሞዴል ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ ቀለም የተነከረ የጆሮ መኮርኮሪያ ጥጥ። በሞዴሉ ወለል ላይ ሰክተው ከሥር አየር ነፉበት፤ ጥጦቹ ሲወዛወዙ ከሩቅ ሰው ይመስላሉ። የንግሥቲቱ ከተማ ፏፏቴዎችም ውሃ አይደሉም። ውሃ ትንሽ ሞዴል ላይ ሲወርድ ጠብታው ትልቅ ሆኖ ስለሚታይ ሞዴል መሆኑን ያጋልጣል። ስለዚህ ጨው አፈሰሱ፤ ጨው ደቃቅ ነው፣ ሲወድቅም እንደ ጉም ይበተናል። ከዳይሬክተሩ ቀጥሎ ዋና የነበሩት የእፌክት ኃላፊዎች ጆን ኖል፣ ዴኒስ ሙረንና ስኮት ስኳየርስ ነበሩ። ኖል ከወንድሙ ጋር ፎቶሾፕን የፈጠረው ሰው መሆኑን ብነግርህ ይገርምህ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚመራው ሥራ ላይ ነው እንግዲህ ጥጥ ተሰክቶ የተነፋው።

ቀረጻው በሰኔ 1997 ተጀምሮ በመስከረም አለቀ። ዋናው ቦታ ለንደን አቅራቢያ ያለው ሊቭስደን ነው፤ የድሮ የአውሮፕላን ፋብሪካ። ግዙፍ አዳራሾቹን ለረጅም ጊዜ ስለያዙ የተሠራውን መድረክ ማፍረስ አላስፈለጋቸውም፤ ኤዲቲንግ ላይ ጎዶሎ ሲገኝ ተመልሰው እዚያው ይቀርጻሉ። መድረኮቹ ብዙ ጊዜ ከተዋናይ ቁመት ብዙም አይበልጡም ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው ጣሪያና ሰማይ በኋላ፣ ከጀርባ በተሰቀለው ሰማያዊ መጋረጃ ፋንታ፣ በኮምፒውተር ይገባል። ሊያም ኒሰን ግን 1 ሜትር ከ93 ነው። የእሱ ቁመት ብቻ በሮችን ከፍ አስደርጓል።

የበረሃው ክፍል ቱኒዝያ፣ ቶዘር አካባቢ ተቀረጸ። እዚያ በገቡ በሦስተኛው ቀን ሌሊት ማዕበል መጣና የሠሩትን ከተማ አፈራረሰው፣ ዕቃውን በታተነው። በ1976 የመጀመሪያው ፊልም ሲቀረጽ እዚያው አገር ተመሳሳይ ማዕበል መትቷቸው ስለነበር አንዳንዶቹ እንደ መልካም ገድ ቆጠሩት። ፕሮዲዩሰሩ ሪክ ማክካለም ፕሮግራሙን አገላብጦ ያልተጎዳው ክፍል ላይ ሲቀረጽ የተጎዳው እንዲጠገን አደረገ፤ ከቱኒዝያ የወጡትም በታቀደው ቀን ነው። ይህ የሆነው በገንዘብ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ሾት አስቀድሞ ስለተሠራ ምን ወደፊት መምጣት እንደሚችል፣ ምን መጠበቅ እንዳለበት ሁሉም ያውቅ ነበር።

ለእናንተ ዋናው ነገር ይህ ነው። ዴቪድ ዶዞሬትዝ የሚመራው ቡድን ፊልሙን አስቀድሞ በአኒማቲክ ሠርቶት ነበር። አኒማቲክ ስትል ያልጠራ፣ ሸካራ የኮምፒውተር ምስል ነው፤ ካሜራው የት እንዳለ፣ ማን በየት በኩል እንደሚገባ፣ ሾቱ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ግን በግልጽ ይታያል። ኤዲተሩ ቤን በርት እነዚህን እየቆራረጠ ካሜራ ሳይከፈት በፊት ፊልሙን ማየት ቻለ። የሩጫው ውድድር ያለዚህ አይታሰብም፤ መሬቱ ከአንድ ቦታ፣ ሞተሩ ከሌላ፣ የልጁ ፊት ከስቱዲዮ የመጣ ነውና፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን የሚያስታርቃቸው አንድ እቅድ ካልኖረ ሁሉም የየራሱን ይሮጣል። እናንተ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልጋችሁም። ስልካችሁን ይዛችሁ፣ ካርቶን ቆርጣችሁ፣ ራሳችሁ እየተጫወታችሁ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ቅረጹት፤ ቆራርጣችሁ እዩት። እዚያ ላይ የሚያሰለች ነገር ውድ ካሜራ ሲመጣም ያሰለቻል።

ጃር ጃር ቢንክስ በተባለው የፊልሙ አስቂኝ ፍጡር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለሙያው የሚነገር ነገር ያለው እሱ ነው። ዕቅዱ አሕመድ ቤስት የተባለው ተዋናይ (በ«ስቶምፕ» የመድረክ ትርኢት ላይ ሲጫወት ነው የተገኘው) ልብሱን ለብሶ እንዲጫወት፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ብቻ በኮምፒውተር እንዲተካ ነበር። ሲሞከር ግን ከእውነተኛ አንገት ጋር ዲጂታል ጭንቅላትን በየፍሬሙ ማጋጠም መላውን አካል ከመሥራት የባሰ ሆነ። አንገት በትንሹ ሲዞር ቆዳው ይታጠፋል፣ ጥላው ይለወጣል፣ ልብሱም ይንቀሳቀሳል፤ ስፌቱ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ይታያል። ስለዚህ ሙሉውን አካል ሠሩት። ከዋና ገጸ ባሕርያት መካከል ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ተሠርቶ ከሰው ጋር ፊልም ሙሉ የሚያወራ ፍጡር በዚህ መጠን ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። ቤስት ግን ቦታው ላይ ነበረ፤ ተዋናዮቹ ዓይኑን እያዩ ነው የተጫወቱት፣ አረማመዱም የእሱ ነው።

ፊልሙ በግንቦት 1999 ሲወጣ የሰው ቁጣ ያረፈው በዚያ ገጸ ባሕርይ ላይ ነው። አንዳንድ ተቺዎች አነጋገሩና አረማመዱ የካሪቢያን ጥቁሮችን የሚያላግጥ ነው አሉ፤ የሉካስ ኩባንያ ሉካስፊልም አስተባበለ። የቴክኒክ ድንቅነቱ በቁጣው ተሸፈነ። ቤስት፣ ራሱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በዚያ ጊዜ ራሱን ለማጥፋት እስከማሰብ መድረሱን በ2018 በአደባባይ ተናገረ። በ2023 «ዘ ማንዳሎሪያን» በተባለው የስታር ዋርስ ተከታታይ ላይ ጄዳይ ሆኖ ሲመለስ ተመልካቹ በደስታ ነው የተቀበለው። አኒሜተር የሠራውን ጸሐፊው ካላሰበበት ቅጣቱን የሚቀበለው ተዋናዩ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ድምፁና ሙዚቃው ብዙ ክርክር የለባቸውም። ጆን ዊሊያምስ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ይዞ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ገባ፤ በመጨረሻው የሰይፍ ፍልሚያ ላይ ያለው መዘምራን የሚዘምረው በሳንስክሪት ነው። ፍልሚያው ራሱ በኒክ ጊላርድ የተቀነባበረ፣ ሬይ ፓርክ የተባለ የውሹ ስፖርተኛ በገዛ አካሉ የሠራው ነው። ብዙ ሰው ከፊልሙ ጥሩ ነው የሚለው ትዕይንት ይህ መሆኑ ድንገት አይመስለኝም።

አሁን ልብ በል ያልኩህን የገንዘብ ነገር እናንሳ። ገንዘቡ የሉካስ ከሆነ «አይሆንም» የሚል አለቃ የለም። የዲጂታል መሣሪያው ደግሞ «በኋላ እናስተካክለዋለን» ለማለት ምቹ ነው። ሉካስ ኤዲቲንግ ላይ ከአንዱ ቴክ (ያው ትዕይንት ተደጋግሞ ሲቀረጽ አንዱ ሙከራ) የአንዱን ተዋናይ፣ ከሌላው ቴክ የሌላውን ወስዶ በአንድ ሾት ያጣምር ነበር። በእኔ ሙያ የዕለት ሥራ ነው፤ ያኔ ግን በዚህ ስፋት አዲስ ነበር። ችግሩ ተዋናዮቹ በሾቱ ላይ ለሚናገረው ሰው አይመልሱም፤ በሌላ ቴክ ለተናገረው ነው የሚመልሱት። ንግግሩ ለምን ቀዝቃዛ እንደሆነ ሰው ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ስክሪፕቱ ብቻ ይወቀሳል፤ እኔ የዚህም እጅ አለበት እላለሁ። የመጀመሪያው ያልጠራ ቅጂ ለቡድኑ ሲታይም መጨረሻው ላይ አራት ውጊያዎች በአንድ ጊዜ እየተፈራረቁ፣ አንዱ ሲያስለቅስ ሌላው ሲያስቅ፣ ስሜቱ እንደሚጣላ በርት ተናገረ፤ ሉካስም አንዳንድ ቦታ ሳያበዛው እንዳልቀረ ተቀበለ። ይህ ሁሉ በኩባንያው በራሱ የምርት ዶክመንተሪ ላይ ይታያል፤ ፈልገህ እየው፣ ከፊልሙ ይበልጥ ያስተምርሃል። ያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ ውጊያ ከሌላው ጋር ተሳስሮ ስለነበር አንዱን ማውጣት ሁሉንም መናድ ነበር።

ገበያው ላይ ግን አልተጎዳም። በመጀመሪያው ዙር በዓለም ዙሪያ ወደ 924 ሚሊዮን ዶላር አገባ፤ በ2012 በስሪዲ ሲመለስ ቢሊዮኑን አለፈ። በሰኔ 1999 በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ አካባቢ በአራት አዳራሾች ያለ ሴሉሎይድ (የፊልም ጥቅል) በዲጂታል ፕሮጀክተር መታየቱም ዛሬ በየሲኒማ ቤቱ ለምናየው መንገድ ጠርጓል።

ስለ እናንተ ፊልም የቀረኝ ተግባራዊ ነገር ነው። ከቡድናችሁ አንድ ሰው «ይሄን አውጡት» እንዲል አስቀድማችሁ ሥልጣን ስጡት፤ ዳይሬክተሩ ራሱ አይሁን። የሚያንጸባርቅ መርከብ ወይም የራስ ቁር አትሥሩ፤ የንግሥቲቱ መርከብ በአብዛኛው ኮምፒውተር ውስጥ የተሠራበት ምክንያት እኮ ሞዴል ሆኖ ቢቀረጽ ስቱዲዮውን፣ መብራቱንና ካሜራማኑን እንደ መስታወት ስለሚያሳይ ነው። ደብዛዛ ቀለም ቅቡት። ከውጪ ስትቀርጹ ደግሞ እያንዳንዱ ሾት ሲያልቅ ተዋናዩ በቆመበት ቦታ አንድ ነጭ ኳስ ለአምስት ሰከንድ ይዛችሁ ቅረጹ፤ ፀሐዩ ከየት እንደመጣና ጥላው ምን ያህል እንደጠቆረ በኋላ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ያ ሳይኖር የተላከልኝን ሥራ ብዙ ጊዜ በግምት ነው የምሠራው፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ያስታውቃል።